ክረምት ከርሞ እምቢ ያለ የጀልባ ሞተር

አምና ጀልባዬን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንዳሰርኳት ክረምቱ አለፈ። ጥፋቱ የራሴ ነው። መስከረም ላይ ገመዱን ብስብ ብስብ ሞተሩ ወይ ፍንክች! ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት መጫሪያ) ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ስፈታው የከረመው ቤንዚን እንደ ማር ተጣብቋል። መርፌ እንኳ የማታስገባዋ ቀዳዳ ድፍን ብላለች። በንጹሕ ቤንዚን አጥቤ በአየር ነፋኋት። በሁለተኛው ስቤ ተነሳ።

ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ሞተሩን በርሜል ውኃ ውስጥ አቁሜ አስነሳሁት። የቤንዚኑን ቱቦ ነቀልኩና ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ጀልባዋን ከዳርቻው አርቄ እንጨት ላይ ደፋኋት፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው በዝናብ ይሞላል። ሞተሩ ቤት ውስጥ እንደቆመ ከረመ። ባለቤቴ ብቻ “ሳሎኑ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ” ብላ አኮረፈች።