የልጅ ትኩሳት፦ «ታይፎይድና ታይፈስ» ከመባሉ በፊት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ማታ ማታ በሬ ይንኳኳል። ነርስ መሆኔን ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። ባለፈው አንዷ ጎረቤቴ የ1 ዓመት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። «ሲስተር፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ» ብላ የክሊኒክ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ ውጤቱ 1፡80። ከሥሩ የ5 ቀን መርፌ ታዟል።

ሁለት ነገር ጠየቅኋት። ስንት ቀኑ ነው? ከከተማ ወጥታችሁ ነበር? «ትናንት ነው የጀመራት። የትም አልሄድንም።»

ትኩሳት ከንፍጥና ከሳል ጋር

አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም።

ዊዳልስ? ምርመራው የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም ሊቀር፣ በሌላ ጀርምም ሊመጣ ይችላል። እውነተኛ ታይፎይድ በያዘው ልጅ ላይ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይታይ ይችላል። የተሻለ ማስረጃ የሚሰጠው የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልገው ምርመራ ነው። እና መርፌው ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ጋቢውን አውልቁ። ጡት፣ ውሃ፣ ሾርባ ቶሎ ቶሎ ስጡ። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 5 ሚሊ ሊትሩ 125 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። በሻይ ማንኪያ አትገምቱ፣ ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ስጡ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ዳማከሴ ማሽተቱን አልቃወምም፤ ለሕፃን ማጠጣቱን ግን ተዉት።

ትኩሳት ከጉዞ በኋላ

ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ እምብዛም አይተላለፍም፤ እኛ ከዚያ በላይ ነን። አዳማ፣ መተሐራ ወይም ጋምቤላ ደርሶ የመጣ ልጅ ግን በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። አንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚደበቅ የቆየ ጉዞም ይቆጠራል።

ወባ ከሌለና ልጁ ከድሬዳዋ ወይም ከአፋር ከመጣ ደንጊን፣ በትንኝ የሚተላለፈውን የቫይረስ ሕመም፣ አስቡ። ድሬዳዋ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ተከስቷል። ከዓይን ጀርባ ያማል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። እዚህ ላይ ዳይክሎፌናክ መርፌም ሆነ አይቡፕሮፌን አይሞከርም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ወላጅን የሚያታልለው ደግሞ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። «ተሻለው» ሲባል ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ድዱ ከደማ አደጋው ገና መጀመሩ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

ትኩሳትና ሽፍታ

ሳል፣ ንፍጥና የቀላ ዓይን ቀድሞ፣ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ ኩፍኝ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጨለማ ክፍል አትዝጉበት፤ ጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ ይሰጡታል። የክትባት ካርዱንም እዩ፦ በ9 ወርና በ15 ወር።

ትኩሳት ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም

ሽንት ይመርመር፣ በተለይ ሴት ልጅ ከሆነች። ጥርስ ማብቀል ይህን ያህል አያተኩስም። ድድ ማስበጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ በጭራሽ!

ሳትጠብቁ የምትሄዱበት

ዕድሜው ከ3 ወር በታች ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ። ትንፋሹንም 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

የጎረቤቴ ልጅ በማግስቱ ሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄደች። መርፌው ቀረላት። በ4ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ ወዲያው ሆዷና ጀርባዋ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሽፍታ ወጣ። እናትየው በሬን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። በጨቅላዎች ላይ የሚታይ፣ ሽፍታው ትኩሳቱን ተከትሎ የሚወጣ ቫይረስ ነበር። ልጅቷ ራሷ ምንጣፌ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጥ ነበር።