ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፦ የጣርማበርን ቁልቁለት በማርሽ እንዴት መውረድ ይቻላል

ጣርማበር ላይ ስህተቱ የሚሠራው ቁልቁለቱ መሀል ሳይሆን ገና ከአፉ ነው። ሾፌሩ ተራራው ጫፍ ላይ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ ጋ በአራተኛ ማርሽ ይደርሳል፣ በአራተኛ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ፍሬን ላይ ይጥለዋል።

ዋሻው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,800 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 5 ሊትር ገደማ ናፍጣ ሲነድ ከሚወጣው ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ ይቃጠልበታል፤ ሌላ መሄጃ የለውም።

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከመነሳት በፊት

የጎማ አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ነው። ቆላ ወርዳችሁ ጎማው ግሎ ልኩ ከፍ ቢል አየር አታስተንፍሱ፤ ደጋ ስትመለሱ አንሶ ታገኙታላችሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ መስታወቱን ነጭ አድርጎት ያድራል። የፈላ ውሃ መድፋት መስታወት ይሰነጥቃል። ሞተሩን አስነስታችሁ ሙቅ አየር ወደ መስታወቱ ልቀቁ፣ በላስቲክ ነገር ፋቁት፣ የጎኑንም የኋላውንም ጭምር። ለዓይን የምትሆን ቀዳዳ ብቻ ከፍቶ መነሳት የተለመደ ነው፤ ከጎን የሚገባው ጋሪ ግን በዚያች ቀዳዳ አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፍሬን ዘይቱ። በማጠራቀሚያው ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች መካከል መሆን አለበት። ጎድሎ ከሆነ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። ዝም ብሎ ሞልቶ መሄድ ምልክቱን መሸፈን ነው። ሞልቶ የተገኘ ዘይትም ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣልና። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው አይይዝም። ቀዝቅዞ ጋራዥ ሲገባ ምንም ችግር አይገኝበትም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ አንድም ነገር ያልተበጠሰበት አለ። ዘይቱን በ2 ዓመት አንዴ ማስቀየር ይህን ያስቀረዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን ሦስት አራቴ ርገጡ፤ ይደድራል። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ የፍሬኑ አጋዥ ይሠራል ማለት ነው። ካልተነቃነቀ ጣርማበርን ለሌላ ቀን አቆዩት። ቀበቶ ሁሉም ይታሰር፣ ስልክ ከእጅ ይውጣ። ጎማ የሚያግድ ሁለት ታኮ ከወንበር ሥር ይኑር።

ሜዳው ላይ

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ያለው መንገድ ደጋ ሜዳ ስለሆነ እግር ነዳጅ መስጫው ላይ ይከብዳል። እዚህ የሚያስፈልገው ርቀት መጠበቅ ነው። ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ እናንተ እዚያው ምሰሶ ላይ ለመድረስ 3 ሰከንድ፣ በዝናብ 5 ሰከንድ ሊፈጅባችሁ ይገባል። በ80 ስትነዱ አደጋውን ዓይታችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪነካ ባለው አንድ ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ። የበግ መንጋ መንገድ ሲያቋርጥ የመጀመሪያዋ ካለፈች ሌሎቹም ይከተላሉ። እረኛው ከኋላ ስለሆነ አይመልሳቸውም፤ በመካከል ለማለፍ አትሞክሩ።

ደርቦ ለማለፍ ስትፈልጉ ከፊት ያለው ባለ ተሳቢ በፍሬቻ «እለፍ» ሊላችሁ ይችላል። ምልክቱ የሱ ግምት ነው፤ መጋጨት ቢመጣ ፊት ለፊት የሚቀበለው የእናንተ መኪና ነው። ያልተቆራረጠ መስመር ባለበት፣ ከኩርባና ከጉብታ በፊት፣ ማንም ምን ቢያሳይ አይታለፍም።

ጉሙና ዋሻው

ከአፋር በኩል ሽቅብ የሚወጣው አየር የተራራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ወገን ፀሐይ ሆኖ ዋሻውን እንደወጣችሁ የመኪናውን አፍንጫ የማታዩበት ጊዜ አለ። ዋሻው ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ የፈለፈለው ሲሆን ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ከመግባታችሁ በፊት የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ አጭር መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመልመድ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ እግረኛም ከብትም ሊኖር ይችላል። ውስጡ አይደረብም፣ አይቆምም። ከውስጥ መስታወቱ ላብ ካላበው ማሞቂያውን ወደ መስታወት አዙራችሁ አንድ መስኮት በጥቂቱ ክፈቱ። በእጅ መጥረግ ቅባት ይለጥፍበታል፤ ማታ የሚመጣ መብራት እዚያ ላይ ይበተናል።

ጉም ውስጥ ረዥም መብራት ነጭ ግድግዳ ነው የሚሠራው፤ አጭሩን ተጠቀሙ። የፊተኛውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት ተከትሎ መሄድ ምቹ ይመስላል፣ እሱ ከመንገድ ቢወጣ ግን አብራችሁ ትወጣላችሁ። በቀኝ ያለውን የመንገዱን ጠርዝ መስመር ያዙ። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት በመንገዳችን ላይ ልማድ ሆኗል፤ የቆመውንና የሚሄደውን ከማምታታቱም በላይ የመታጠፊያ ምልክታችሁን ያጠፋዋል። ለቆመ መኪና ተዉት። ፍጥነቱን በሚታያችሁ ርቀት ለኩት፦ 30 ሜትር ብቻ ከታየ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። በ40 ስትሄዱ በእርጥብ ቁልቁለት ለመቆም 30 ሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ያ የምታዩት በሙሉ ነው።

ማርሹ

ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ መኪናው ገና በእጃችሁ እያለ አውርዱ። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ለድሮ ሞተር ልክ ነው። የዛሬ ሞተር ጉልበቱ ስለጨመረ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጣል፣ ሲወርድ ግን ያን ያህል አይይዝም፤ ከወጣችሁበት አንድ ዝቅ አድርጉ። ለትንንሽ መኪና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሆናል። ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ እግራችሁ ነው፦ ከነዳጅ መስጫው እግራችሁን ስታነሱ መኪናው ፍጥነቱን ይዞ ከቆየ ወይም በቀስታ ብቻ ከጨመረ ማርሹ ደህና ነው። በየኩርባው ብቻ ሳይሆን በቀጥታውም መንገድ ፍሬን ከጠየቃችሁ ከፍ ያለ ነው። የሞተሩ ጩኸት አያስደንግጣችሁ፤ የዙር መለኪያው ቀይ ውስጥ እስካልገባ ድረስ አይጎዳም።

አውቶማቲክ የምትነዱ ከ«ዲ» ወደ «ኤል»፣ «2» ወይም «ኤም» አውርዱት። የጭስ ፍሬን (የጭሱን መውጫ አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ) ያለው ከባድ መኪና ከመጀመሪያው ያብራው። በጭነት መኪና ቁልቁለት መሀል ማርሽ ለማውረድ መሞከር የሚያስፈራው፣ ፍጥነቱ ካመለጠ በኋላ ማርሹ አልገባም ብሎ ዜሮ ላይ ስለሚቀር ነው። ያኔ ሞተሩም ከእናንተ ጋር የለም።

ስለ ዜሮ ማርሽ አንድ ነገር ይባል። «ነዳጅ እቆጥባለሁ» ብሎ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ፣ ይባስ ብሎም ሞተሩን ማጥፋት፣ እስከ ዛሬ አለ። ሒሳቡ ራሱ አይሠራም። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ እየወረደ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መቅዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በማርሽ የወረደው ነው የቆጠበው። ሞተሩን ያጠፋው ደግሞ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ከረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደድርበታል፣ መሪውም ይከብደዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ አንድ የተለየ ወጥመድ አለባችሁ። መኪናው ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ እየያዘ ባትሪ ይሞላል፤ ለዚህ ቁልቁለት ከሱ የተሻለ የለም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ኃይሉ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ መያዙ ይቀንሳል ወይም ይቀራል፣ ሸክሙም ወደ ሸራው ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትነሱ፤ 80 አካባቢ ይበቃል። ለመመለሻው ግን አስቡ፦ 1.8 ቶን የሚመዝን መኪና ከፍታውን ብቻ መልሶ ለመውጣት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ከወትሮው የመንገድ ፍጆታ በላይ።

የፍሬኑ አጠቃቀም

ፔዳሉ ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያለ እረፍት ያግለዋል። ለምሳሌ 40 ይበቃኛል ካላችሁ፣ 40 ሲደርስ 3 ሰከንድ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡና ወደ 30 አውርዱት፤ ከዚያ ጨርሳችሁ ልቀቁ። እስኪመለስ ሸራው ይተነፍሳል። ኩርባ ላይ ፍሬኑ ከመታጠፋችሁ በፊት ያልቃል፤ መሪውን እያዞሩ ኃይለኛ ፍሬን መርገጥ በእርጥብ አስፋልት ጎማ ያንሸራትታል። የማይታይ ኩርባ ከመድረሳችሁ በፊት አጭር ጡሩምባ ንፉ፣ መስመራችሁን አትልቀቁ። ጠባብ ቦታ ላይ ቅድሚያው ሽቅብ ለሚወጣው ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንደገና መነሳት ይቸግረዋል።

የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ፣ ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም ከወትሮው ጠልቆ ከያዘ፣ የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ዲስክም ታምቡርም ይሰነጠቃል። ማርሽ አስገብታችሁ ታኮ አድርጉ። ታኮ የሌለው ድንጋይ ይጠቀማል፤ ሲነሳ ግን ድንጋዩን መንገድ ዳር ያውጣው። መሀል አስፋልት ተትቶ የቀረ ድንጋይ ማታ ሞተር ሳይክል የሚመጣበት ነው።

ፍሬን እምቢ ቢል ሞተሩን አታጥፉ። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ርገጡት፣ ዘይት ፍሬን ከሆነ አንዳንዴ ይመለሳል። የአየር ፍሬን ግን በዚህ አኳኋን አየሩን ይጨርሳል፤ እዚያ መለኪያውን እያያችሁ አጥብቆ ይዞ መቆየት ነው። በትንሽ መኪና ማርሹን አንድ በአንድ አውርዱ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭናችሁ በቀስታ ሳቡት፣ በአንዴ ከተሳበ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። መብራትና ጡሩምባ ሳታቋርጡ ስጡ። ሁሉም ካልሆነ ምርጫው ገደሉና ተራራው ነው፤ የመኪናውን ጎን በተራራው ወገን አፈር ላይ እያፋተጋችሁ አቁሙት። መኪና ይተካል።

ደብረ ሲና፣ ከዚያም አርማኒያ

ደብረ ሲና ሲደረስ ብዙ ሰው «አለፍነው» ይላል። ከተማዋ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ስለዚህ የወረዳችሁት ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በአርማኒያ በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት በቁመት ከላይኛው ይበልጣል፣ ኩርባው ግን ያን ያህል ስለማያስፈራ ሾፌሩ ማርሹን ወደ አራተኛ ይመልሳል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው አራት እጥፍ ነው። ማርሹን ሸዋ ሮቢት ሜዳ እስኪታይ አትቀይሩ።

ደብረ ሲና ላይ ለቆሎ የምትቆሙ ከሆነ ሻጮቹ መኪናው ሳይቆም ይሮጣሉ፤ መስኮት ሲወርድ ካዩ ደግሞ ወደ መንገዱ መሀል ዞረው ይመጣሉ። ከአስፋልቱ ጨርሳችሁ ውጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን መስኮት ብቻ ክፈቱ። ስትነሱ ጎማው ሥር የወደቀ ቆሎ የሚለቅም ልጅ እንዳይኖር ወርዶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሸዋ ሮቢት እንደገባችሁ፣ ምሳ ከማዘዛችሁ በፊት መኪናውን ዙሩት። መዳፋችሁን ሳታስነኩ ወደየጎማው ቸርኬ አስጠጉ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መጋል አለባቸው፣ ከኋላዎቹ ሞቅ ቢሉ ደግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ በዚያ በኩል ሸራው አልለቅ ብሏል፤ ከመመለሳችሁ በፊት ጎማውን አስፈቱና አሳዩት።