ጀማሪ ተመራማሪን ካንሰርም ኮድም እንዴት እናስተምር?

ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ ልጅ ሲመጣላችሁ የመጽሐፍ ክምር አታሸክሙት። አንድ ጥያቄ ስጡት። ለምሳሌ ቲፒ53 የተባለው ጂን የተበላሸባቸው የጡት ዕጢዎች ከሌሎቹ በምን ይለያሉ? ዳታው እንደሆነ በነፃ አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የካንሰር ጂኖም አትላስ የተባለ የመረጃ ስብስብ የ33 ዓይነት ካንሰሮችን መረጃ ይዟል።

ከዚያ ፋይል አብራችሁ ክፈቱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ የቆየ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ይክፈትና ሴፕት2 የሚለው ጂን ሳይጠየቅ ወደ ሴፕቴምበር 2 ሲቀየር በዓይኑ ይየው። ቀልድ አይደለም፤ ችግሩ ስለበዛ የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሙን ራሱን ሴፕቲን2 ብሎ ለውጦታል። ይህን ያየ ሰው ዳታ ዝም ብሎ አያምንም።

ኮዱን በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፍ፣ በፓይተን ወይስ በአር? የፈለገውን ይምረጥ። ዋናው ነገር ኮዱን ሌላ ሰው ሲያስኬደው ያው ውጤት መምጣቱ ነው።

ኮድ ብቻ የሚወደውም ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት ላቦራቶሪ ገብቶ ሴል ያሳድግ። ግማሹ ናሙና ሰኞ፣ ግማሹ ሐሙስ ከተሠራ፣ ኮምፒውተሩ "ግኝት" ብሎ የሚያሳየው የካንሰሩን ሳይሆን የቀኑን ልዩነት ሊሆን እንደሚችል በደንብ የሚገባው ፒፔት (ፈሳሽ መለኪያ መሣሪያ) ይዞ ሲደክም ነው። እኔ በዚህ ስህተት ሁለት ወር አቃጥያለሁ።

በየሳምንቱ ደግሞ ቁጭ በሉና ያልሠራለትን ነገር ጠይቁት። የተሳካለትንማ ራሱ ይነግራችኋል።