የበረዶ ቤት አሠራር፦ መሶብ ለሰፋ ሰው ይቀላል

"ኢግሉ" በኢኑይቶች (በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሚኖሩ ነባር ሕዝቦች) ቋንቋ ማንኛውም ቤት ነው፤ የእንጨቱም፣ የድንጋዩም። የበረዶው ለብቻው ኢግሉቪያክ ይባላል። በሰሜን ካናዳ ብዙ ኢኑይቶች ድሮ ክረምቱን እዚያ ውስጥ ያሳልፉት ነበር። ከ1950ዎቹ ወዲህ ወደ ቋሚ መንደሮች ስለገቡ ዛሬ የሚኖሩት በእንጨት ቤት ነው። አዳኝ ሜዳ ላይ ውሽንፍር ሲይዘው ግን አሁንም ይሠራዋል። እኔም ካናዳ ከመጣሁ በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ተምሬዋለሁ፤ ተዋርጄም ቢሆን።

መጀመሪያ በረዶ ምረጡ። ነፋስ የጠቀጠቀው፣ ስትረግጡት እግር የማያሰምጥ ይሁን። ቀጭን ዘንግ ውጉበት። ከላይ እስከ ታች እኩል እየከበደ ከገባ በአንድ ውሽንፍር የተከመረ ነው፣ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ድንገት ከላላ ተዉት፤ ብሎኬቱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ለመቁረጫ ኢኑይቶች ፓና የሚባል ረጅም ቢላ አላቸው። ለጀማሪ የእንጨት መጋዝ ይሻላል እላለሁ። አካፋ ለመዛቅ እንጂ ለመቁረጥ አይሆንም።

ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክብ አስምሩ። ብሎኬቱን ከክቡ ውስጥ ቁረጡ፤ ወለሉ በወረደ ቁጥር ቤቱ በነጻ ከፍ ይላል። ርዝመቱ 60 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 40፣ ውፍረቱ 15 ገደማ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ እንደ አዲስ አበባ ግንበኛ አንዱን ዙር ጨርሼ ሌላውን ዙር ላዩ ላይ ደረደርኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሉም ጭንቅላቴ ላይ ወረደ። ሽማግሌው ሳቁ።

የበረዶ ቤት ዙር በዙር አይገነባም፤ እንደ መሶብ ስፌት ሳይቋረጥ እየተጠመዘዘ ይወጣል። የመጀመሪያውን ዙር እንደጨረሳችሁ የሦስት አራቱን ብሎኬት አናት ከመሬት እየተነሳ ሽቅብ በሚሄድ ተዳፋት ቁረጡት። ቀጣዩን ብሎኬት ተዳፋቱ ላይ አስቀምጡና ቀጥሉ። እያንዳንዱ ብሎኬት ከሥሩም ከጎኑም የሚደገፍበት ስላለው ወደ ውስጥ አዘንብሎም አይወድቅም። እኩል ዙር ሲሆን ግን የየዙሩ የመጀመሪያ ብሎኬት የሚደገፍበት ጎረቤት የለውም። ሌላም ዘዴ አለ፦ የብሎኬቱን ታችኛ ጠርዝ መሃሉን ትንሽ ፋቁለት። በሁለት ማዕዘኑ ሲቀመጥ አይወዛወዝም።

ማዘንበሉን ቶሎ ጀምሩ። ሁለተኛ ሙከራዬ ጥምዝምዙ ልክ ነበር፤ ግን ፈርቼ ቀጥ አድርጌ ስላወጣሁት ጣሪያው አልገጠመም፣ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

የመጨረሻውን ብሎኬት ከቀዳዳው ተለቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። አጋድማችሁ አውጡትና ከውስጥ እየፋቃችሁ አስገጥሙት። ክፍተቱን በልል በረዶ ድፈኑ።

መግቢያው ከመኝታው ዝቅ ይበል፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚሄደው። ውጭ 40 ከዜሮ በታች ሆኖ ውስጡ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ላይ የአየር ቀዳዳ ሳትተዉ መብራትም ምድጃም እንዳትለኩሱ። ጭሱ ባይታያችሁም ይገድላል፣ ቀልድ የለውም።

በጥንቱ የአቆስጣ (የባሕር እንስሳ) ስብ መብራት፣ በቁሊቅ፣ ሲሞቅ ግድግዳው ከውስጥ ትንሽ ቀልጦ መልሶ ይረጋና ይጠነክራል። ውሃ ከተንጠባጠበባችሁ ጥፋቱ የጣሪያው ጉብታ ነው። በቢላ አለስልሱት፤ ውሃው በግድግዳው ተንሸራቶ ይወርዳል፣ እናንተም ሳትረጥቡ ታድራላችሁ።