የምድር ዲጂታል ቴሌቪዥን ስርጭትን በጣሪያ አንቴና እንዴት መያዝ ይቻላል?

በአናሎግ ዘመን ሲግናል ሲደክም ምስሉ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ነጠብጣብ ይሞላው ነበር። ዲጂታል እንዲህ አይደለም። እስከ አንድ ወሰን ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ወሰን ትንሽ ዝቅ ሲል ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ወዲያው «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ምስል መጣ ማለት ተከላው በደንብ ተሠራ ማለት አይደለም፤ ነገ ዝናብ ሲጥል ወይም ቅጠል ሲረጥብ ሊጠፋ ይችላል። የሚፈለገው ከወሰኑ በላይ በቂ ትርፍ መያዝ ነው። ትርፉ የሚገኘው ደግሞ አንቴናው ላይ ብቻ ነው፤ አንቴናው ያልያዘውን ሲግናል ማጉያ ከየትም አያመጣውም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት

ስለ ማሰራጫ ጣቢያው አራት ነገር ይወቁ፦ ከቤትዎ በየት አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንዳለ፣ በየትኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች እንደሚያሰራጭ፣ ሞገዱ አግድም ነው ወይስ ቁም፣ የስርጭቱ ዓይነት ዲቪቢ-ቲ ነው ወይስ ዲቪቢ-ቲ2 (ሁለቱም የምድር ዲጂታል ስርጭት ደረጃዎች ናቸው፣ ቲ2 አዲሱ ነው)። አሰራጩ መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ እነዚህን መረጃዎች ይፋ ያደርጋል። መረጃው ካልተገኘ የጎረቤት ጣሪያዎችን ቀና ብሎ ማየት ብዙ ይናገራል፤ አብዛኞቹ አንቴናዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ዘንጎቻቸው ተኝተው ከሆነ ሞገዱ አግድም ነው፣ ቆመው ከሆነ ቁም ነው።

8 ሜጋኸርዝ ስፋት ያላቸውን ቻናሎች በሚጠቀሙ አገሮች የዩኤችኤፍ (ከፍ ያለው የቴሌቪዥን ፍሪኩዌንሲ ክልል) ቻናል 21 መሃሉ 474 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቻናል 8 እየጨመሩ ይሄዳሉ። ቻናል 30 ማለት 546፣ ቻናል 48 ማለት 690 ሜጋኸርዝ ነው። አንዳንድ ማሰራጫዎች ከ174 እስከ 230 ሜጋኸርዝ ያለውን ዝቅተኛ ክልል፣ ቪኤችኤፍንም ይጠቀማሉ። ለዩኤችኤፍ ብቻ የተሠራ አንቴና እዚያ ደካማ ነው፤ ሁለቱንም የሚይዝ መግዛት ያስፈልጋል።

በሪሲቨር ምርጫ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። የሳተላይት ዲሽ ሪሲቨር የምድር ስርጭትን አይቀበልም። ዲቪቢ-ቲ ብቻ የሚያነብ ቴሌቪዥን ዲቪቢ-ቲ2ን አያይም፤ የተገላቢጦሹ ግን ይሠራል፣ የቲ2 መሣሪያ ቲንም ያነባል። አሰራጩ ምስሉን ኤችኢቪሲ በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የሚያምቅ ከሆነ ይህን የማይፈታ ሪሲቨር ድምፅ እያሰማ ጥቁር ስክሪን ያሳያል። ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ማዞር ምንም አይፈይድም።

ርቀቱ ይደርሳል አይደርስም የሚለውን በግምት ለማስላት የማሰራጫውን አንቴና ከፍታና የእርስዎን አንቴና ከፍታ በሜትር ይያዙ፤ የሁለቱን ስኩዌር ሩት ደምረው በ4.1 ያባዙ። ማሰራጫው ከአካባቢው መሬት 100 ሜትር ከፍ ቢልና የእርስዎ 9 ሜትር ላይ ቢሆን 10 ሲደመር 3፣ ሲባዛ 4.1፣ ወደ 53 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ ሜዳ ለሆነ መሬት ነው። መሃል ላይ ኮረብታ ካለ 15 ኪሎ ሜትርም ሊከብድ ይችላል፤ ማሰራጫው ተራራ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይርቃል።

አንቴናው

ማሰራጫው በዓይን የሚታይ ያህል ቅርብ ከሆነ ትንሽ የቤት ውስጥ አንቴና መስኮት አጠገብ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ባለፈ የጣሪያ አንቴና ይግጠሙ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ውስጥ ማስቀመጥ አይሞከርም፤ ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል።

ብዙ ዘንግ ያለው ያጊ አንቴና ለሩቅ ማሰራጫ ይሆናል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያይ ከጎን የሚመጣ ረብሻንም ይቀንሳል። ሎግ ፔሪዮዲክ የሚባለው አቅሙ አነስ ቢልም በሁሉም ቻናል ላይ እኩል ይሠራል፤ ለመካከለኛ ርቀት የምመርጠው እሱን ነው። በሁለቱም ዓይነት አጫጭር ዘንጎች ያሉበት ጫፍ ወደ ማሰራጫው ይዞራል። በያጊ ላይ የወንፊት ወይም የፍርግርግ ቅርጽ ያለው መመለሻ ከኋላ ይሆናል። ይህን ገልብጦ መግጠም ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ሞገዱ አግድም ሆኖ አንቴናው ቁም ቢገጠም የሚደርሰው ኃይል እስከ መቶ እጥፍ ሊቀንስ ይችላል።

ኬብሉና ኮኔክተሩ

75 ኦም ኮአክሲያል ኬብል፣ በተለይ አርጂ 6፣ ይጠቀሙ። በ550 ሜጋኸርዝ አካባቢ 20 ሜትር አርጂ 6 ወደ 3 ዴሲቤል ይበላል፤ ይህም ከኃይሉ ግማሽ ነው። ቀጭኑ አርጂ 59 ከዚህ የባሰ ይበላል። በተቻለ መጠን ኬብሉ ያለ መቀጣጠያ አንድ ወጥ ይሁን፣ አይታጠፍ፣ በምስማር አይወጋ።

አብዛኛው ብልሽት በኬብሉ ጫፍ ላይ ከሚገጠመው ማያያዣ፣ ከኤፍ ኮኔክተር፣ ይጀምራልና እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የውጩን ፕላስቲክ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጡ፤ ቢላው የሽቦ ጥልፉን እንዳይቆርጥ በቀስታ ያዙሩት። ጥልፉን ወደ ኋላ ገልብጠው በፕላስቲኩ ላይ ያስተኙ። ቀጥሎ ነጩን ፕላስቲክ ልጠው መሃለኛውን ሽቦ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ያውጡ። አሁን በቅርበት ይመልከቱ፦ ከጥልፉ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ እንኳ መሃለኛውን ከነካች መስመሩ ይገናኛል፣ ሲግናሉም ማጉያውን የሚመግበው ኤሌክትሪክም ያልፋል ብለው አይጠብቁ። ኮኔክተሩን ነጩ ፕላስቲክ ከውስጥ ወለሉ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይግፉት፤ መሃለኛው ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቅ ይበል። በመጭመቂያ ፒንሳ የሚጣበቀው ዓይነት በእጅ ከሚጠመዘዘው ይበልጣል።

ውጭ ያለውን መገጣጠሚያ ውኃ በማያስገባ ራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉ። ኬብሉ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ቤት አይገባም።

አቅጣጫ ማስተካከል

ከመውጣትዎ በፊት፦ ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር የማይደርስበት ቦታ ይምረጡ፤ በዝናብ፣ በነፋስና በመብረቅ ሰዓት ጣሪያ ላይ አይውጡ። የብረት ምሰሶው መሬት ውስጥ ከሚቀበር ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት፤ ይህን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉ።

1. በስልክ ኮምፓስ አቅጣጫውን ይለዩ። ኮምፓሱን ከምሰሶውና ከቆርቆሮው ያርቁ፣ ብረት ያሳስተዋል።

2. በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ማኑዋል ስካን ከፍተው ፍሪኩዌንሲውንና የቻናሉን ስፋት ያስገቡ። ጥንካሬና ጥራት የሚሉ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። የሚከተሉት ጥራቱን ነው። ጥንካሬ ጩኸትንና ረብሻንም ጨምሮ ስለሚቆጥር 90 እያሳየ ምስል ላይኖር ይችላል።

3. አንቴናውን በ5 ዲግሪ ገደማ እያዞሩ በእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ሰከንድ ይቆዩ፤ መለኪያው ዘግይቶ ነው የሚከተለው።

4. ከፍተኛውን ቁጥር እንዳዩ ብሎኑን አያጥብቁ። በግራ ጥራቱ መውረድ የሚጀምርበትን፣ በቀኝም እንዲሁ ይለዩና መካከላቸው ላይ ያቁሙ።

5. አንቴናውን በምሰሶው ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ከመሬትና ከሕንፃ ተመልሶ የሚመጣ ሞገድ ከቀጥተኛው ጋር አንዳንድ ከፍታ ላይ ይጠፋፋል፤ ከፍ ያለ ቦታ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

6. ማሰራጫው በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚያሰራጭ ከሆነ ሁሉንም ይፈትሹ፤ የመጨረሻው ማስተካከያ በጣም ለደከመው ይደረግ። ከዚያ ብሎኑን ያጥብቁና ጥራቱን እንደገና ይዩ፣ ሲጠብቅ ትንሽ ይዞራልና።

ማጉያ መቼ?

ኬብሉ ረጅም ከሆነ ወይም ሲግናሉ ለብዙ ቴሌቪዥን የሚከፈል ከሆነ ነው። ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ዴሲቤል ይወስዳል። ማጉያው ምሰሶው ላይ፣ አንቴናው አጠገብ ይገጠም፤ ቴሌቪዥኑ ኋላ ከተገጠመ ኬብሉ ከበላው የተረፈውን ከነጩኸቱ ያጎላል። ኤሌክትሪኩ የሚሄድለት በዚያው ኬብል ስለሆነ መሃል ላይ ያለው ስፕሊተር ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። አንዳንድ ሪሲቨሮች 5 ቮልት ራሳቸው ይልካሉ፤ በሜኑው ውስጥ የአንቴና ኃይል የሚለው መከፈቱን፣ ማጉያው የሚፈልገውም 5 ቮልት እንጂ 12 አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ለማሰራጫው ቅርብ በሆነ ቤት ማጉያ ጉዳት ነው። ሲግናሉ ከመጠን ሲያልፍ መሣሪያው ይታፈናል፤ ምልክቱ ጥንካሬው 100 ደርሶ ጥራቱ ወደ ዜሮ እየዘለለ መመለሱ ነው። ማጉያውን ያንሱት።

ችግሩ ሲመጣ

ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ኮኔክተሩን ይፍቱ፤ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኙት ውኃ ገብቷል፣ እርጥብ የሆነው ኬብል ተቆርጦ ይጣል። ነፋስ ሲነሳ ከተቆራረጠ የላላ ብሎን ወይም ፊት ለፊት የሚወዛወዝ ዛፍ አለ። መብራት ወይም ሞተር ሲበራ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ርካሽ ኬብል ወይም የላላ ኮኔክተር ረብሻውን እያስገባ ነው። አጠገብዎ የሞባይል ማማ ከተተከለ በኋላ የላይኞቹ ቻናሎች ከጠፉ ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን የሚያግድ ማጣሪያ ከማጉያው በፊት ይግጠሙ፤ ማጉያው አንዴ ከታፈነ በኋላ የሚመጣ ማጣሪያ አያድነውም።

ፀጥ ባለ ሞቃት አየር ምሽት ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ምንም አይነካኩ። የአየሩ ንብርብር የሩቅ ማሰራጫን በዚያው ቻናል ላይ እያመጣ ነው፤ አየሩ ሲለወጥ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ስካን ማድረግ ግን ጎጂ ነው፦ መሣሪያው የቅርቡን ደምስሶ የሩቁን ሊመዘግብ ይችላል። ይህ ከሆነ ዝርዝሩን ያጥፉና የአካባቢዎን ማሰራጫ ፍሪኩዌንሲዎች አንድ በአንድ በማኑዋል ስካን ያስገቡ።