አይስክሬም በጅምላ ስትነግዱ የማጓጓዣና የማቀዝቀዣ መጋዘን ወጪን እንዴት ማስላት እንደሚቻል

አይስክሬም በጅምላ ለመነገድ የሚነሳ ሰው ሂሳቡን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ዋጋ ይጀምራል። የግዢውን ዋጋ ይጽፋል፣ የመኪና ኪራይ ይደምርበታል፣ ትርፉን ይጨምርና ዋጋ ያወጣል። ዕቃው ተሸጦ ሲያልቅ ግን የታሰበው ትርፍ የለም። ገንዘቡ የሄደው ለአየር፣ ለባዶ ቦታና ዕቃው ቆሞ ለዋለባቸው ቀናት ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን ወጪ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ፈልጎ ለማግኘት ይረዳል። በካርቶን፣ ካርቶን በሚደረደርበት መደብ ማለትም በፓሌትና በሳምንት እየቆጠርኩ አሳያችኋለሁ፤ ታሪፉን ከሚደርሳችሁ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ራሳችሁ ታስገባላችሁ።

1. የምትገዙትን ቅዝቃዜ በዲግሪ ወስኑ

«ቀዝቃዛ መጋዘን» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ለፍራፍሬ የሚሆን ከዜሮ በላይ ያለ ክፍልም በዚሁ ስም ይጠራል። ለቀዘቀዘ ምግብ በጠቅላላው የተለመደው ልክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አይስክሬም ግን ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ከዜሮ በታች 25 ወይም ከዚያ በታች ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በ18 ዲግሪ ላይ ውስጡ ያለው ውሃ ሁሉ አልረጋም። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች ይቀልጣሉ፤ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ያ ውሃ በትልልቆቹ ላይ ይረጋል። ዕቃው እንደገና ድንጋይ ሆኖ ስለምታገኙት ምንም ያልሆነ ይመስላችኋል። ማንኪያ ስታስገቡበት ግን ይንኮሻኮሻል፣ ምላስ ላይም እንደ አሸዋ ይሻክራል። እንዲህ የሆነ አይስክሬም አይመርዝም ይሆናል፣ ደንበኛ ግን ሁለተኛ አይገዛውም።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ ዲግሪውን አብራችሁ ጻፉ። ርካሽ የመሰለው ዋጋ የ18 ዲግሪ ክፍል፣ ውድ የመሰለው ደግሞ የ25 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ማወዳደር ትርጉም የለውም።

2. ዕቃችሁ ምን ያህል አየር እንደያዘ እወቁ

አይስክሬም ሲሠራ አየር ይመታበታል። ብዙ አየር የያዘው ዓይነት ከመጠኑ ግማሽ ያህሉ አየር ነው፤ አንድ ሊትሩ 550 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። አየር የሌለው በእንጨት ላይ የረጋ የጭማቂ በረዶ ደግሞ ለአንድ ሊትር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱን በአንድ መኪና ብትጭኑ አንደኛው ቦታ ይሞላል፣ ሌላው ሚዛን ይሞላል። አጓጓዡ ደግሞ ከሁለቱ እሱን በሚጠቅመው ያስከፍላችኋል። የእያንዳንዱን ምርት የአንድ ካርቶን ክብደትና ሦስቱንም ልኬቶች ሳትይዙ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

3. ካርቶኑን ከፓሌቱ ጋር አስማሙ

ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያድነው እዚህ ላይ የሚጠፋ ግማሽ ሰዓት ነው እላለሁ። 120 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ፓሌት ውሰዱ። ካርቶናችሁ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን በአንድ ንብርብር 8 ካርቶን ክፍተት ሳይተው ይቀመጣል። 9 ንብርብር ሲሆን ከፍታው 180 ሴንቲሜትር፣ ብዛቱ 72 ካርቶን ይደርሳል። በየካርቶኑ 24 ግማሽ ሊትር ኩባያ ቢኖር በፓሌቱ ላይ 1728 ኩባያ አለ።

አሁን ካርቶኑ በሁለቱም በኩል 2 ሴንቲሜትር ብቻ ጨምሮ 42 በ32 ይሁን። ከፓሌቱ ጠርዝ ሳይወጣ እንዴትም ብታዞሩት በአንድ ንብርብር ከ6 አያልፍም። 72 የነበረው 54 ሆነ። መጋዘኑ የሚያስከፍለው በፓሌት ቦታ ስለሆነ የአንዱ ካርቶን የማከማቻ ወጪ በሲሶ ጨመረ። ካርቶኑን ጠርዝ አሳልፎ መደርደርም መፍትሔ አይደለም፤ የታችኛው ይደቆሳል፣ ቀዝቃዛው አየር የሚዘዋወርበት ክፍተትም ይዘጋል።

አምራቹ ካርቶኑን እንዲያስተካክል ለመጠየቅ አትፈሩ። በብዛት የሚገዛ ሰው ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

4. የጉዞውን ዓይነት ምረጡ

ፍሪዘር መኪና ሙሉውን ስትከራዩ የምትከፍሉት ለመኪናው ነው፤ ግማሹ ባዶ ቢሄድም ዋጋው ያው ነው። ከሌሎች ጋር ተጋርታችሁ ስትጭኑ በፓሌት ትከፍላላችሁ፣ ነገር ግን መኪናው በየማራገፊያው በሩን ይከፍታል። የእናንተ ዕቃ መጨረሻ የሚወርድ ከሆነ የእያንዳንዱን በር መከፈት ሙቀት ይቀበላል። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት ስንተኛ እንደምትወርዱ ጠይቁ።

ለባሕር ጉዞ ቁመቱ ከተለመደው ከፍ ያለ ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር 67 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይይዛል። በብዛት ስታስቡት ለአንድ ካርቶን የሚደርሰው ወጪ ዝቅተኛ ነው። አደጋው ያለው ወደቡ ላይ ነው፦ ከነጻ ቀናት በኋላ የቦታ ክፍያ፣ ኮንቴይነሩን ያለመመለስ ቅጣትና ኮንቴይነሩ የተሰካበት የኤሌክትሪክ ክፍያ ለየብቻ በቀን ይቆጥራሉ። ሰነዱ ሳያልቅ ኮንቴይነሩ እንዳይደርስ አድርጉ፤ በሂሳባችሁም ጥቂት የመዘግየት ቀናት ከወዲሁ አስቀምጡ።

ትንሽ ትዕዛዝ በፈጣን መልእክት የምትልኩ ከሆነ ደረቅ በረዶ ያስፈልጋችኋል። ይህ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ላይ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ተራው የውሃ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ አይስክሬምን አያድነውም። አንድ ሳጥን ቀርበን እንየው። የውስጥ ልኩ 40 በ30 በ25 የሆነ የፎም ሳጥን 24ቱን ኩባያ በሁለት ድርድር ይይዛል፤ ከላይ ለደረቁ በረዶ 8 ሴንቲሜትር ያህል ይተርፋል። የሚቀመጥበት ቦታ ከላይ ነው፣ ቀዝቃዛው ጋዝ ወደ ታች ስለሚወርድ። ኩባያዎቹ እንዳይሰነጠቁ በመካከል ካርቶን አድርጉ። የፎሙ ግድግዳ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን የውጭ ልኩ 50 በ40 በ35 ይሆናል፤ 70,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ማለት ነው።

የመልእክት ድርጅቶች ብዙዎቹ ሳጥኑ የሚይዘውን ቦታ ወደ ኪሎ ለመለወጥ ይህን ለ5000 ያካፍሉና 14 ኪሎ ብለው ይመዘግባሉ። የአየር ጭነት የተለመደው ማካፈያ 6000 ነው፤ በዚያ ቢሰላ ወደ 11.7 ኪሎ ይወርዳል። ሚዛኑ ደግሞ አይስክሬም 6.6፣ ደረቅ በረዶ 5፣ ሳጥንና ኩባያ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ፣ በድምሩ 13 ኪሎ። የሚወሰደው ትልቁ ቁጥር ነው። የምትሸጡት 6.6 ኪሎ፣ የምትከፍሉት የ14። ያ 5 ኪሎ በረዶ ደግሞ በእንዲህ ያለ ሳጥን ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ለመዘግየት ብላችሁ ወደ 8 ብታሳድጉት ሚዛኑ 16 ይሆንና የሚያስከፍላችሁ እሱ ይሆናል። እኔ የምመክረው ለደንበኛ ከመላካችሁ በፊት ሳጥኑን ሞልታችሁ ከሙቀት መዝጋቢ ጋር ቤት ውስጥ እንድታቆዩት ነው፤ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ መልስ ይሰጣችኋል።

ስለ ደረቅ በረዶ አንድ ነገር በጥብቅ፦ ሳጥኑን አየር በማያስወጣ መንገድ አታሽጉ፣ ጋዙ ያፈነዳዋል። በተዘጋ ክፍል ወይም መኪና ውስጥም ሰው ያፍናል። በአየር ሲላክ ዩኤን 1845 በሚል እንደ አደገኛ ዕቃ ይመዘገባል፣ የበረዶው የተጣራ ክብደትም ሳጥኑ ላይ መጻፍ አለበት። ለዚህ የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ካለ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።

መንገዱ ከፍተኛ ተራራ የሚያቋርጥ ከሆነ ደግሞ በአይስክሬሙ ውስጥ ያለው አየር ከፍታው ላይ ይለጠጣል፤ ክዳን ሊያነሳ ይችላል። ሲወርድ ይኮማተራል፣ ኩባያውም ጎድሎ ይታያል።

5. የመጋዘኑን ክፍያ በሳምንት ቆጥራችሁ አውጡ

የመጋዘን ዋጋ አንድ ቁጥር አይደለም። የቦታ ኪራይ፣ የማስገቢያ፣ የማስወጫ፣ አንዳንዴም ፓሌት አፍርሶ በካርቶን የመልቀም ክፍያ አለው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲከፈትና ሞቆ የደረሰ ዕቃ በኃይለኛ ፍሪዘር እንደገና ሲመታ ለየብቻ ይከፈላል። ከዚያ በታች የማይወርድ ዝቅተኛ የወር ክፍያ እንዳለ ደግሞ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ከሁሉ በላይ ግን የመቁጠሪያውን ጊዜ ተመልከቱ። 20 ፓሌት አስገብታችሁ በየሳምንቱ 5 እያወጣችሁ ትሸጣላችሁ እንበል። በሳምንት የሚቆጥር መጋዘን መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 15፣ ከዚያ 10፣ በመጨረሻ 5 ይቆጥራል፤ ድምሩ 50 የፓሌት ሳምንት ነው (አንድ ፓሌት ለአንድ ሳምንት ሲቀመጥ አንድ የፓሌት ሳምንት ይባላል)። በወር የሚቆጥረው ግን ለ20ውም ሙሉ ወር ያስከፍላል፤ 80 የፓሌት ሳምንት ማለት ነው። ያንኑ ዕቃ 10፣ 10 አድርጋችሁ በሁለት ዙር ብታስገቡ በሳምንት ቆጣሪው ዘንድ 30 ብቻ ይሆናል፤ ግን ሁለት ጉዞ ከፍላችኋል። የሁለተኛው ጉዞ ተጨማሪ ወጪ ከ20 የፓሌት ሳምንት ኪራይ ካነሰ በሁለት ዙር አምጡ፣ ከበለጠ በአንዴ። ይህች አንዲት ንጽጽር ብዙ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ በግምት የሚወስነውን ነገር በአሥር ደቂቃ ትፈታለች።

6. ሁሉንም ለተሸጠው ኩባያ አካፍሉ

ግዢ፣ ጉዞ፣ ማከማቻ፣ ኢንሹራንስ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ከመጋዘን እስከ ደንበኛ በር ያለውን የመጨረሻ ጉዞ ደምሩ። ማካፈያው ግን የገዛችሁት ሳይሆን የምትሸጡት ብዛት ነው። ከ1728 ኩባያ ከመቶ 3 ቢበላሽ 52 ይቀነሳል፣ የምታካፍሉት ለ1676 ነው። ለራሳችሁ የብልሽት ልክ ከሌላችሁ ከመጀመሪያዎቹ ጭነቶች መዝግባችሁ አውጡት።

7. ርክክቡ ላይ ለኩ

ፍሪዘር መኪና የቀዘቀዘን ዕቃ ጠብቆ ያደርሳል እንጂ የሞቀን አያቀዘቅዝም። የመኪናው ሳጥን ባዶውን ቀዝቅዞ ካልመጣ አትጭኑ። አንድ ጊዜ በችኮላ ሞቅ ያለ መኪና ተቀብዬ ጫንኩ። ሲደርስ ዕቃው ጠጣር ነበር፣ ክዳኖቹ ግን ወደ ውስጥ ሰርገው ነበር፤ ፈርሜ ስለተቀበልኩ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ በሩ እንደተከፈተ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከፓሌቱ መሐል በሁለት ካርቶኖች መካከል አስገብቼ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። የታየውን ዲግሪና ሰዓቱን በርክክብ ሰነዱ ላይ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ሾፌሩ ይፈርማል፣ እኔም ከእሱ ቀጥሎ እፈርማለሁ። ልኩ ካለፈ ዕቃው ከመኪናው ሳይወርድ ፎቶ አንስታችሁ ለላኪውም ለአጓጓዡም በዚያው ሰዓት ላኩ።