በዲሲ የሬስቶራንት ሳምንት ኤዥያን ፊውዥን ቤት ገብቶ በደንብ ለመብላት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኦገስት ወር አክስቴን እራት ልጋብዛት ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ወዳለ አንድ ኤዥያን ፊውዥን (የእስያን ምግብ ከሌላ አገር ምግብ ጋር የሚያዋህድ) ሬስቶራንት ወሰድኳት። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እሷ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ አስታጉላ አታውቅም። ሜኑው ላይ «የአትክልት ራመን» (የጃፓን የኑድል ሾርባ) የሚል አየሁና ደስ ብሎኝ አዘዝኩላት። ግማሹን ከበላች በኋላ ነው አስተናጋጁ መረቁ ከአሳማ አጥንት እንደሚሠራ የነገረን። አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እነሱ አልጻፉም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የሬስቶራንት ሳምንትን፣ ማለትም ብዙ ቤቶች በቅናሽ የሚያበሉበትን ሳምንት፣ ተዘጋጅቼ ነው የምጠብቀው። በጣም የምወደው ሳምንት ነው። በሌላ ጊዜ ዋጋው የሚያስፈራ ቤት ገብቶ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። ብቻ ኤዥያን ፊውዥን ላይ ዋናው ነገር ሜኑ ላይ አይጻፍም። መረቁና ሶሱ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቤት ውስጥ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ነው።

መጀመሪያ፦ ሳምንቱን እወቁት

የሬስቶራንት ሳምንት የሚባለው ነገር የተጀመረው ኒው ዮርክ ውስጥ በ1992 ነው። የዴሞክራቶች ጉባኤ ከተማው ውስጥ ነበርና ለእንግዶች ተብሎ ምሳ በ19 ዶላር ከ92 ሳንቲም ቀረበ። ዋጋው ዓመተ ምሕረቱ ነው ማለት ነው። ዲሲም ከ2001 ጀምሮ የራሷ አላት። የሚያዘጋጀው የአካባቢው የሬስቶራንቶች ማኅበር ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በጃንዋሪ አንዴ በኦገስት ይካሄዳል። ከዲሲ ውጭ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ቤቶችም ይገቡበታል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያላችሁም ሰፈራችሁ አካባቢ ልታገኙ ትችላላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤቱ ለዚያ ሳምንት ብቻ ዋጋው የተቆረጠ ሜኑ ያወጣል። በቅርብ ዓመታት ምሳና ብራንች 25 ወይም 35 ዶላር፣ እራት ደግሞ 40፣ 55 ወይም 65 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ ይመጣል።

ቀኑን ከራሳችን ቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያዩት

ይህን የሚያስታውስ ሰው ትንሽ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21። በ2024 የሬስቶራንቱ ሳምንት ከኦገስት 12 እስከ 18 ዋለ። ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ማለት ነው። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ወደ ወሩ መጨረሻ ይገፋና ፍስክ ላይ ይውላል። የጃንዋሪው ዙር ይሻላል፤ ገና ካለፈ በኋላ ስለሚመጣ ረቡዕንና ዓርብን ብቻ ማለፍ ይበቃል። ጾመኛ እንግዳ ካላችሁ ቀኑ እንደወጣ አረጋግጡ። ቀኑ ከጾም ጋር ቢገጥምም ተስፋ አትቁረጡ። ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ፣ በእንጉዳይና በአትክልት የኤዥያን ምግብን የሚያህል የለም። ጥያቄውን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

ቤቱን ምረጡ

ሱሺ፣ ፓድ ታይ፣ ካሪና ፍራይድ ራይስ በአንድ ሜኑ ላይ ስለደረደረ ብቻ አንድ ቤት ፊውዥን አይባልም። ያ የአራት አገር ምግብ ጎን ለጎን መሸጥ ነው። ፊውዥን የሚባለው የሁለት አገር አበሳሰል አንድ ሳህን ላይ ሲገናኝ ነው። ሼፍ ሮይ ቾይ በ2008 ሎስ አንጀለስ ላይ ከመኪና የሚሸጠው የኮሪያ ሥጋ በሜክሲኮ ቶርቲላ የተጠቀለለ ነበር። እኛም እኮ ፓስታ በበርበሬ ስልስ ሠርተን በእንጀራ የምንበላ ሰዎች ነን። ነገሩ አይከብደንም።

ዲሲ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ነገሩን በደንብ የሚያስረዳው በ2015 የተከፈተው የሼፍ ሆሴ አንድሬስ ቤት፣ ቻይና ቺልካኖ ነው። ቤቱ ፔሩን፣ ቻይናንና ጃፓንን ያገናኛል። ይህን ደግሞ አንድ ሼፍ ከጭንቅላቱ ያመጣው አይደለም። ከ1849 ጀምሮ ብዙ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኛ ሆነው ፔሩ ገቡ። በ1899 ጃፓኖች ተከተሉ። ከአገራቸው ሶይ ሶስና ዝንጅብል ይዘው የሄዱ ሰዎች፣ እዚያ ካገኙት ድንችና ቃሪያ ጋር አብረው አበሰሉት። ሎሞ ሳልታዶ የሚባለው ምግብ የዚህ ልጅ ነው። ሥጋው በሶይ ሶስ እንደ ጥብስ ይጠበስና ከተጠበሰ ድንች ጋር ይገናኛል። ጎኑ ላይ ሩዝ አለው። የእኛን ጥብስ የሚወድ ሰው ይህን አይጠላም።

ለማንኛውም፣ አጭር ሜኑ ያለውን ቤት አስቀድሙ። ለሬስቶራንት ሳምንት ብሎ ሃያ ምግብ የደረደረ ቤት በዚያ የግርግር ሳምንት ሁሉንም በደንብ ሊሠራ አይችልም።

ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ

የ55 ዶላር እራት 55 ዶላር አይደለም። ዲሲ ውስጥ የሬስቶራንት ታክስ 10 በመቶ ነው። ቲፕ በ20 በመቶ ስናስበው ለአንድ ሰው 55 ሲደመር 5.50 ሲደመር 11፣ በድምሩ 71.50 ይሆናል። ለሁለት ሰው 143 ዶላር። መጠጥ ገና አልተቆጠረም። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሒሳብ ሲመጣ አይደነግጥም።

ቀጥሎ የቤቱን የዘወትር ሜኑ ከፍታችሁ የምትፈልጓቸውን ሦስት ነገሮች ዋጋ ደምሩ። ድምሩ 50 ከሆነ የ55ቱ ሜኑ ትርፉ ምንድን ነው? አንዳንዱ ምግብ ጎን ደግሞ የመደመር ምልክትና ቁጥር አለ። ያ ከተቆረጠው ዋጋ በላይ የሚከፈል ጭማሪ ነው፤ ዓይናችሁ እንዳያልፈው።

ደውላችሁ ጠይቁ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። ከምሳና ከእራት መካከል፣ ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ላይ ደውሉ። ያኔ ወጥ ቤቱ ይረጋጋል፤ ስልክ ያነሳው ሰው ሄዶ ሼፉን ለመጠየቅ ጊዜ ይኖረዋል።

ለጾመኛ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ቃል አይበቃም። እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል። «ቬጋን» በሉ። በዚያም አታቁሙ፤ ስም እየጠራችሁ ጠይቁ። መረቁ ከምንድን ነው? ቶንኮትሱ ከተባለ የአሳማ አጥንት ነው። የጃፓን ሚሶ ሾርባ አትክልት ይመስላል፤ መሠረቱ ግን ብዙ ጊዜ ዳሺ ነው። ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። የታይና የቬትናም አትክልት ላይ ብዙ ጊዜ ከዓሣ የሚሠራ ፊሽ ሶስ ይፈስሳል። የቻይና ጎመን ላይ የሚያብለጨልጨው ሶስ ብዙ ጊዜ ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ የሚሠራው ኦይስተር ሶስ ነው። ኪምቺ የሚባለው የኮሪያ ማባያ በበርበሬ የቦካ ጎመን ቢሆንም ውስጡ ብዙ ጊዜ በጨው የቦካ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይገባበታል። ቢጫው ኑድል በእንቁላል ሊቦካ ይችላል። ቴምፑራ የሚባለው የጃፓን ጥብስ የሚነከርበት ሊጥም እንዲሁ። ሱሺ ላይ የሚደረገው ብርቱካናማ የሚያቃጥል ሶስ መሠረቱ ማዮኔዝ ነው፤ እንቁላል አለበት።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው በየቤታችን ይለያያል። የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። ግን መምረጥ የሚችለው የሚበላውን ያወቀ ሰው ነው።

ለማይጾመውም ቢሆን የአሳማው ጥያቄ አለ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብዙዎቻችን አንበላም። ዱምፕሊንግ (በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ወይም አትክልት) ውስጥ «ዶሮ» ተብሎ አሳማ ተቀላቅሎ ሊገባ ይችላል። ፍራይድ ራይስ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ሙስሊም ጓደኛ ከጋበዛችሁ ሚሪንና ሳኬንም ጨምራችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ከሩዝ የሚሠሩ አልኮል ያለባቸው ናቸው፤ በብዙ የጃፓን ሶስ ውስጥ ይገባሉ።

ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ ሶይ ሶስ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ እንዳለበት ይወቅ። ታማሪ የሚባለውን ይጠይቅ፤ አብዛኛው ስንዴ የለውም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ደግሞ ከመደወልም አልፎ ገበታ ላይ እንደገና ይናገር።

መልስ የሰጣችሁ ሰው «አይመስለኝም» ካለ «እባክህ ሼፉን ጠይቅልኝ» በሉ። ነውር የለውም። ጥሩ ቤት ይህን ጥያቄ ይወደዋል። የሚያንገሸግሸው ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ቦታ ያዙ፣ በሰዓቱ ድረሱ

ቦታ የሚያዘው በኦፕንቴብል ወይም በሬዚ መተግበሪያ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ቶሎ ይሞላል። እሁድ ምሽት ወይም ማክሰኞ ይሻላል፤ ወጥ ቤቱም አይጨናነቅም። ስትይዙ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ስልክ ላይ የተነገራችሁን እዚያ ጻፉት፦ «አንድ ቬጋን፣ አሳማ የለም።» ብዙ ቤት ከ15 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም። ዘመድ ሲሰበሰብ እንደምንቆየው አንቆይ፤ ወንበሩን ለሌላ ይሰጡታል።

ገበታው ላይ

በመጀመሪያ ሁላችሁም አንድ ዓይነት አትዘዙ። ሦስት ሰው ከሆናችሁ ሦስት የተለያየ መክፈቻና ሦስት የተለያየ ዋና ምግብ አዝዛችሁ መሀል ላይ አድርጉት። የእኛ አበላል እዚህ ይጠቅማል። የእስያ ገበታም ብዙው እንዲሁ ነው፤ ሳህኑ መሀል ይቀመጣል፣ ሁሉም ከዚያ ይነሳል። ጾመኛ ካለ ግን የእሱ ሳህን ለብቻ ይሁን። ማንኪያውም እንዳይቀላቀል።

ቾፕስቲክ ካልቻላችሁ ሹካ ጠይቁ፤ ማንም አይታዘባችሁም። ለመሞከር ከፈለጋችሁ ታችኛውን በአውራ ጣታችሁ ሥርና በቀለበት ጣታችሁ ላይ አሳርፉትና አታንቀሳቅሱት። ላይኛውን እንደ እስክሪብቶ ያዙት። የሚንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉት፤ በቻይናም በጃፓንም ለሞተ ሰው የሚተከል እጣን ይመስላል። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክም አታቀባብሉ። ጃፓኖች የተቃጠለ አስከሬን አጥንት የሚያቀባብሉት እንደዚያ ነው። ታዲያ ጉርሻስ? ሳህኑ ላይ አኑሩለት፣ እሱ ያንሳው። ባኦ የሚባለው በእንፋሎት የበሰለ ዳቦና ሱሺ ግን በእጅ ይበላሉ። ስለዚህ እጁን የናፈቀ ሰው አይቸገር።

ጎቹጃንግ የሚባለውን የኮሪያ ቀይ ማባያ ስታዩ አዋዜ መስሏችሁ ብዙ አትዝፈቁ። ከቃሪያ፣ ከሩዝና ከቦካ አኩሪ አተር ይሠራል። ጣፋጭነት አለው። ማቃጠሉም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ዋሳቢ ደግሞ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ በጣም ትንሽ ቀምሳችሁ ቀጥሉ።

ምግቡ ሲቀርብ አስተናጋጁን አንድ ጊዜ እንደገና «ይሄኛው ነው ቬጋኑ?» በሉት። በዚህ ሳምንት ወጥ ቤቱ በጥድፊያ ነው፤ ሳህን ይቀያየራል።

ሒሳብ ሲመጣ

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ዲሲ ውስጥ ብዙ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ ብለው እስከ 20 በመቶ ራሳቸው ይጨምራሉ። ካለ ቲፕ እንደገና መስጠት ግዴታ አይደለም። አስተናጋጁ ይደርሰው እንደሆነ ግን ጠይቁት። ከሌለ ግን በቅናሽ በላን ብላችሁ ቲፕ አትቀንሱ። ልጁ የሠራው ያው የዘወትሩን ሥራ ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ከእኛ ወገን ስንቱ በዚህ ሥራ ልጅ አሳድጓል።

የተረፈውን አስቋጥሩ። ጥሬ ዓሣ ግን አታስቋጥሩ፤ እዚያው ጨርሱት። የተቀቀለውም ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የኦገስት ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ (90 ፋራናይት) ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ከዚያ ወደ ዩ ስትሪት ለቡና የምታልፉ ከሆነ ምግቡን መኪና ውስጥ አትተዉት።

አክስቴን በቀደም እንደገና ወሰድኳት፤ ሌላ ቤት። ከሦስት ቀን በፊት ደውዬ ነበር። ሼፉ መረቁን ከእንጉዳይና ከባሕር አረም ብቻ ሠራላት። ቶፉው በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ መጣ። ግማሹን በላችና ቀሪውን አስቋጠረች። ማግስቱን ስደውልላት በእንጀራ እየበላችው ነበር።